የተከሳሽ ቃል

«ወደ ታች ዝቅ አድርጊው» አለ አፈወርቅ፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ። «ዋናው ነገር ከእግርጌ ነው። ትእዛዝ ምንጊዜም ከእግርጌ ነው የሚጻፈው።»

ሰሚያ ሁለት ጋቢ ደርባ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። ከቆላ፣ ከሸዋ ሮቢት ወጥታ መሐል ሜዳ ላይ ኮምፒውተር ቤት ከከፈተች ሦስት ዓመቷ ነው፤ የመንዝን ብርድ ግን እስካሁን በእሷ ላይ በተለይ እንደተፈጸመ በደል ትቆጥረዋለች።

«ይኸው። መምህርት ጽናት የጻፉት ነው። ላንብብልዎ ጋሼ?»

«አንብቢ። ቀስ እያልሽ።»

«"አቶ አፈወርቅ፣ ጥናትዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እጅዎ የሠለጠነ ነው። ክሱንም፣ የክሱን መልስም፣ ከተከሳሹ ጋር አደረግሁት ያሉትን ቃለ መጠይቅም አይቻለሁ። ሦስቱም ግን ከአንድ አፍ የወጡ ናቸው። ተከሳሹን በእርግጥ አነጋግረውታል? ካላነጋገሩት ይሂዱና ያነጋግሩት፤ የራሱን ቃል ይጻፉ። ይህ ሳይሟላ ማለፊያ ልሰጥዎ አልችልም። ገጹ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።"»

«መቼ ነው የጻፉት?»

«ማክሰኞ። መብራት የመጣው ዛሬ ጧት ነው፤ እኔ ምን ላድርግ።» ሰሚያ ወደ እሱ ዞረች። «ዛሬ ዓርብ ነው ጋሼ።»

«አውቃለሁ።»

«አነጋግረውታል?»

አፈወርቅ መነጽሩን አጠለቀ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ቃል ሲጽፍ የኖረ ሰው፣ ለጥያቄ ዝም ማለት መልስ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ዳኛ እንደ ማመን ነው የሚቆጥረው። ሰሚያም እንደ ማመን ቆጠረችው።

«ፈጠሩት!»

«አልፈጠርኩም። ሊል የሚችለውን ነው የጻፍኩት።»

አፈወርቅ ራፖር ጸሐፊ ነው። ከፍርድ ቤቱ በር በስተግራ፣ ቀለሙ የለቀቀ ትልቅ ጃንጥላ ሥር አንድ ጠረጴዛ አለው፤ ለራሱ ወንበር፣ ለባለጉዳይ በርጩማ። ባለጉዳይ ሲናገር የብዕሩን ክዳን ከፍቶ ያዳምጣል። ክዳኑ ከተከደነ ነገሩ አልቋል፤ ከዚያ በኋላ የሚነገረው ለእግዜር ነው እንጂ ለዳኛ አይደለም። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ልቅሶ ላይ እንኳ አንድ ሰው ወሬ ሲያበዛ «ኧረ አፈወርቅ ክዳኑን ከድኖታል!» ይሉታል።

ባለፈው ጥቅምት፣ በፍርድ ቤቱ በር ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከመጪው ሐምሌ አንድ ጀምሮ በር ላይ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፍ ሁሉ፣ ከኮሌጅ የአጻጻፍ ትምህርት የተከታተለበትን ማስረጃ ካላቀረበ ቦታውን እንዲለቅ ይላል። ማስታወቂያውን በገዛ እጁ የጻፈው አፈወርቅ ነበር። ሬጅስትራሩ ጽሑፋቸው ስለማያምር «እባክህ በዚያች በጥሩዋ እጅህ ገልብጥልኝ» ብለው ሰጡት፤ እሱም «ቦታውን እንዲለቅ» የሚለውን አስምሮበት መለሰላቸው። ያንጊዜ በበሩ ላይ የቀረው ጸሐፊ እሱ ብቻ ነበር። ባልደረባው መኳንንት ደብረ ብርሃን ካለችው ልጁ ጋር ገብቶ፣ በሽምግልናው ፀሐይ ከመሞቅ በቀር ሥራ የለውም።

ኮሌጁን ያገኘችለት ሰሚያ ናት። አዲስ አበባ ነው፤ «የአማርኛ ድርሰትና የጥናት ጽሑፍ አጻጻፍ» የሚል ትምህርት በኢንተርኔት ይሰጣል። አፈወርቅ በእጁ ይጽፋል፣ ሰሚያ ትተይባለች፣ እሱ አንብቦ ነጠላ ሰረዟን ያርማል። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሁሉ ለማስረጃው ሲባል ብቻ ነበር። ኋላ ግን ሌላ ነገር ገባበት።

ባለቤቱ አስካለ ማርያም ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል። ልጅ አልወለዱም። መሐል ሜዳ ላይ አፈወርቅን የማያውቅ የለም፤ ቆሞ ሰላም የሚለው ግን ከስንት አንድ ነው። ከእሱ ጋር ቆሞ የታየ ሰው «ማንን ሊከስ ነው?» ይባላል። ሰንበቴ ላይ እንኳ ከጎኑ የተቀመጠ ሰው ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ ይታያል። ስለዚህ ሰዉ ከሩቅ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ያልፋል። ወደ እሱ የሚመጣ ሁሉ የሚመጣው ተበድሎ ነው፤ ተበድሎ የመጣ ሰው ደግሞ «አንተስ እንዴት ነህ?» ብሎ አይጠይቅም።

እና የኮሌጁ ገጽ ላይ «ራስዎን ለክፍል ጓደኞችዎ ያስተዋውቁ» የሚል ትእዛዝ ሲያይ ልቡ ደነገጠ። ሦስት ቀን አሰበበት። በአራተኛው ቀን እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «አመልካች አፈወርቅ፤ ዕድሜ ሃምሳ ሰባት፤ አድራሻ መሐል ሜዳ፣ ከፍርድ ቤት በር በስተግራ። ጉዳዩ፦ መተዋወቅን ይመለከታል።» ሐተታውን በአንድ ገጽ ከዘረዘረ በኋላ «እንድንተዋወቅ ይታዘዝልኝ ዘንድ በትሕትና አመለክታለሁ» ብሎ ዘጋው። ክፍሉ ውስጥ ሠላሳ አንድ ተማሪ አለ። ሌሎቹ ሁለት ሁለት መስመር ጽፈው እርስ በርሳቸው ሲሳሳቁ፣ ከእሱ ጽሑፍ ሥር የተገኘው አንድ የአውራ ጣት ሥዕል ብቻ ነበር። አፈወርቅ አውራ ጣት ሲያይ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። መፈረም የማይችል ሰው ኮሌጅ ድረስ መግባቱ አሳዝኖት ዋለ፤ ሰሚያ ሥዕሉ «ወድጄዋለሁ» ማለት መሆኑን ስትነግረው ደግሞ፣ ምኑን እንደወደደው ለምን አልጻፈም ብሎ የበለጠ አዘነ።

ከዚያ «የማይረሱት ቀን» የሚል ድርሰት ታዘዘ። አፈወርቅ ፍርድ ቤቱ ከአሮጌው ቤት ወደ አዲሱ ሕንፃ የተዛወረበትን ቀን መረጠ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተጓጓዙትን መዝገቦች ብዛት አንድ ሳያስቀር ጽፎ፣ «ስለዚህ ይህ ቀን የማይረሳ ተብሎ ይወሰንልኝ» ሲል ጠየቀ። መምህርት ጽናት ከአሥር አራት ሰጡት። ከእግርጌው «ቀኑ አለ፤ እርስዎ ግን የሉበትም» ብለው ጻፉ። እርግጥ አፈወርቅ ሌላም የማይረሳው ቀን ነበረው፤ አንድ ሐሙስ። እሱን ግን ጻፍ ብሎ በስሙ ያዘዘው ሰው አልነበረም።

ለሌሎች ተማሪዎች ጽሑፍ አስተያየት መስጠትም ግዴታ ነው። አንዲት ልጅ ስለ ዝናብ ለጻፈችው አንድ ገጽ፣ አፈወርቅ ሦስት ገጽ መለሰ፤ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያውም ጸሐፊዋ ዝናቡ የዘነበበትን ቀንና ቦታ አለመግለጿ ነበር። ከልብ ነው የጻፈው። ስታነበው ደስ ይላታል ብሎ ነው። ልጅቱ ግን ድምፅዋ ጠፋ። አፈወርቅ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ ይላል።

«ሰሚያ፣ መልስ አለ?»

«የለም ጋሼ።»

«የመልስ መስጫው ሠላሳ ቀን መቼ ሞላው» ይልና ይመለሳል።

የመጨረሻው ሥራ ጥናት ነበር። አፈወርቅ «በወንድማማቾች መካከል የሚነሱ የይዞታ ክርክሮች መንስኤ» ብሎ ርእስ አወጣ። ከዚህ የተሻለ የሚያውቀው ነገር የለም። አሥራ ሁለት መጠይቅ አዘጋጅቶ በየቤቱ ላከ፤ «ከወንድምዎ ወይም ከእኅትዎ ጋር ተካሰው ያውቃሉ? ምክንያቱን ይግለጹ» ይላል። ያላሰበው ነገር ቢኖር፣ በዚህ አገር ከአፈወርቅ እጅ የወጣ ወረቀት ቤት ደረሰ ማለት ሰው ተከሰሰ ማለት መሆኑን ነው። አንዱ ወረቀቱን እንዳየ ቆላ ወርዶ ሁለት ሳምንት ከረመ። አንዲት ሴት ሦስት ምስክር አስከትላ መጥታ ወንድም እንደሌላት አስመሰከረች። የተቀሩት ወረቀቶች በአውራ ጣት ቀለም ታትመው ሲመለሱ፣ የሁሉም መልስ አንድ ነበር ማለት ይቻላል፦ «በተባለው ቀን በቦታው አልነበርኩም።»

እንግዲህ በእጁ የቀረው አንድ መዝገብ ብቻ ሆነ። ከአልጋው ሥር፣ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ፣ በሰማያዊ ክር የታሰረ። የሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት መዝገብ ነው። ከሳሽ አ.፣ ተከሳሽ ወ.፤ ክርክሩ የእናታቸው በሆኑ አርባ ሁለት የባሕር ዛፎች ላይ።

«ታዲያ ይሂዱ እንጂ!» አለች ሰሚያ። «ሰውየው የት ነው ያለው?»

«ቀየት።»

«ቀየት ሩቅ ነው እንዴ? ሚኒባስ አለ እኮ።»

«ቀየት ሩቅ አይደለም። ወንድሜ ነው ሩቁ።»

ሰሚያ ጋቢዋን ከአፏ ላይ ገለጥ አደረገች። ያን ወረቀት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተየበችው እሷ ናት። «"ተከሳሽ ወ." ወንድምዎ ነው? "ከሳሽ አ."ስ...»

«እኔ ነኝ።»

ወደ ኮምፒውተሩ ዞራ ወደ እሱ ተመለሰች። «ቆይ፣ እሺ፣ ክሱን እርስዎ ጻፉት። የወንድምዎን መልስ ማን ጻፈው? መምህርቷ አንድ እጅ ነው ይላሉ።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩለት።»

«ያ አላህ።»

«ምን ላድርግ? መኳንንት ለአማቱ ተዝካር ሄዶ ነበር። ቀጠሮው በማግሥቱ ነው። ወንድሜ መጣና በርጩማው ላይ ተቀመጠ። "መልስ ልታጽፍ ነው?" አልኩት። "አዎ።" "የማንን ክስ?" "ያንተን።" ባለጉዳይ ነው፤ አባርረዋለሁ? በሐቅ ጻፍኩለት። እንዲያውም ከክሱ መልሱ ያምራል።»

«ማን አሸነፈ?»

«እኔ።»

ሰሚያ ሰዓቷን አየች፤ ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። «ይሂዱ» አለች በመጨረሻ። «ከቀየት የመጨረሻው ሚኒባስ ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው የሚነሳው። ከደረሱ አብረን እናስተካክለዋለን። ካልደረሱ ያንኑ የፈጠሩትን ትንሽ አበላሽቼ እልከዋለሁ፤ የገጠር ሰው እንዲመስል "እንዴታ" ምናምን እጨምርበታለሁ። ወንበርዎ ከሚቀር።»

«ወንድሜ "እንዴታ" አይልም።»

«ምን ነው የሚለው?»

አፈወርቅ በሩ ላይ ቆሞ አሰበ። «አላውቅም» አለ።

የሰኔ ጉም መንገዱን ውጦታል። ሚኒባሱ ውስጥ አሥራ ስምንት ሰው፣ ጣሪያው ላይ አራት በግ ተጭኗል። አፈወርቅ መስኮት አጠገብ ተቀመጠ። አጠገቡ የነበሩት ሴትዮ ቀና ብለው ሲያዩት አወቁትና፣ ነጠላቸውን ሰብስበው ከኋላ ካለች ወጣት ጋር ቦታ ተለዋወጡ። ወጣቷ ስላላወቀችው እንቅልፍ ወስዷት ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። አፈወርቅ እስከ ቀየት ድረስ ትከሻውን ሳያንቀሳቅስ ሄደ። ሰው ከተደገፈው ስንት ጊዜው እንደሆነ ለማስላት ሞክሮ ተወው።

የወንድሙ የወዳጆ ቤት ከመንገዱ ዳር ነው፤ ከቤቱ ጀርባ እነዚያ ባሕር ዛፎች ቆመዋል። አፈወርቅ ዛፎቹን ሲያይ ቆም አለ። ፍርዱ ለእሱ ነበር፤ ግን በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ መጥቶ አንዱን እንኳ አላስቆረጠም። ወዳጆም የሌላ ሰው ናቸው ብሎ መጥረቢያ አላስነካቸውም። ማንም ስላልቆረጣቸው ከልክ በላይ ረዝመው፣ ጫፋቸው ጉሙ ውስጥ ገብቷል። አንዱ ወደ ቤቱ ጣሪያ አዘንብሏል፤ እሱንም በገመድ ወደ ኋላ ወጥረው አስረውታል እንጂ አልነኩትም።

የወዳጆ ሚስት ጌታነሽ ደጃፉ ላይ ቆማ የበግ ፀጉር ትፈትላለች።

«እንደምን ዋላችሁ» አለ አፈወርቅ።

እንዝርቷን ያዝ አደረገች። «ምነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«እንግዲያ ማን ተከሰሰ?»

«ማንም።»

«ሳይሞትም ሳይከሰስም!» አለችና ወደ ውስጥ ተጣራች። «ወዳጆ! ጸሐፊው መጥተዋል።»

ከውስጥ የሸማኔ ዕቃ ድምፅ ይሰማል። ወዳጆ ባና፣ የበግ ፀጉር ልብስ፣ እየሸመነ ነበር፤ ነጭ የሌለበትን ጥቁሩን፣ ጠንካራውን፣ ለብርድ የሚሆነውን። አልተነሣም። መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ላከና «ይግቡ አቶ አፈወርቅ» አለ።

ወዳጆ በስድስት ዓመት ያንሰዋል። በልጅነታቸው «ጋሼ» ነበር የሚለው። ከፍርዱ ቀን ወዲህ ግን አቶ አፈወርቅ ነው፤ የሚያናግረውም በእርስዎ ነው። አስካለ ማርያም ስትቀበር መጥቶ ነበር። ከሰው ኋላ ቆሞ፣ «እግዜር ያጥናዎ» ብሎ፣ እህል ሳይቀምስ ሄደ። ከስድብ ይልቅ አክብሮት እንደሚያርቅ አፈወርቅ የተማረው ከኮሌጅ አልነበረም።

ጌታነሽ በርጩማ ሰጠችው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ በርጩማ ላይ ሲቀመጥ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ ጉልበቱ ወደ አገጩ መጣበት።

«ለትምህርት ነው የመጣሁት» አለ።

«የማን ትምህርት?»

«የእኔ። ኮሌጅ ገብቻለሁ።»

መወርወሪያው ቆመ። «በሃምሳ ሰባት ዓመትዎ?»

«በሃምሳ ሰባት።»

«ምን ይማራሉ?»

«መጻፍ።»

ጌታነሽ ከደጅ ሆና ሳቋ አመለጣት። ወዳጆ አልሳቀም።

«ጥሩ ነው» አለ። «ጎድሎብዎ ነበር።»

አፈወርቅ ወረቀቱን ከኮቱ ኪስ አወጣ። የብዕሩን ክዳን ከፈተ። ስለ ሐምሌ አንድ፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ መምህርቷ፣ ገጹ በአሥራ አንድ ሰዓት ስለመዘጋቱ ነገረው። ማስረጃውን ካላገኘ ከበሩ ላይ እንደሚነሣም ነገረው። ወዳጆ እየሸመነ ሰማው።

«እና የኔ ነገር ምን ይረባዎታል?»

«ያንተ ቃል ያስፈልጋል። በራስህ አነጋገር።»

«ምን ሆኜ ነው ቃል የምሰጠው? ተከሳሽ ነኝ፣ ምስክር ነኝ?»

«ሁለቱም አይደለህም። እጠይቅሃለሁ፣ ትነግረኛለህ። በቃ።» አፈወርቅ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። «አንደኛ ጥያቄ። በእናንተ አመለካከት ለክርክሩ መንስኤ የሆነው ነገር ምንድን ነው?»

«"በእናንተ" ያሉት እኔንና ማንን ነው?»

«የመጠይቅ ወጉ ነው።»

«ቃሌን ሰጥቻለሁ» አለ ወዳጆ። «ያኔ። በርጩማዎ ላይ ተቀምጬ፣ የሚገባዎትን ከፍዬ።»

«እሱ መልስህ ነው። አያይዤዋለሁ።»

«ይዘውታል?»

«ይዤዋለሁ።»

«ያንብቡልኝ እስቲ። አንድም ቀን ተነቦልኝ አያውቅም።»

አፈወርቅ የቢጫውን ወረቀት እጥፋት ዘረጋ። አንድ ጊዜ ሳል ብሎ፣ ፍርድ ቤት በሚነበብበት ድምፅ ጀመረ። «"ተከሳሽ ለቀረበብኝ ክስ የማቀርበው መልስ እንደሚከተለው ነው። አንደኛ፣ ሟች እናታችን ወይዘሮ አልጣሽ ዛፎቹን ለእኔ መናዘዛቸው በሰው ምስክር የሚረጋገጥ ነው። ሁለተኛ፣ ዛፎቹን ከችግኝነታቸው ጀምሮ ኮትኩቼ ያሳደግሁ እኔ ነኝ። ስለዚህ ክሱ ውድቅ ተደርጎ፣ ወጪና ኪሳራ ተቆርጦልኝ በነፃ እንድሰናበት እለምናለሁ።"»

ጌታነሽ እንዝርቷን አቁማ በሩ ላይ ተደግፋለች።

«ሁለት ነው?» አለ ወዳጆ።

«ሁለት ነው።»

«ሦስት ነበር የነገርኩዎ።»

አፈወርቅ ያውቃል። አሥራ ስምንት ዓመት ሲያውቀው ኖሯል። ያን ቀን ወዳጆ አንደኛውን ተናገረ፤ ጻፈ። ሁለተኛውን ተናገረ፤ ጻፈ። ሦስተኛውን ሲጀምር ግን አፈወርቅ «ይህ ለጉዳዩ አግባብነት የለውም» ብሎ የብዕሩን ክዳን ከደነ። ወዳጆ ንግግሩን አልጨረሰም ነበር። አፉ እንደተከፈተ ቀርቶ፣ ተነሥቶ፣ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመና ሄደ። ለዳኛ የማይሆን ነገር አይጻፍም፤ ይህ የሙያው ሕግ ነው። አፈወርቅ በዚያ ሕግ ሥር፣ በጃንጥላው ሥር እንደሚጠለል ሁሉ፣ ተጠልሎ ኖረ።

«ሦስተኛውን አስታውሰዋለሁ» አለ።

«እኔም አስታውሰዋለሁ። ግን ቃሌን ከፈለጉ፣ ቃሌ እሱ ነው። ሌላ የለኝም።» ወዳጆ መወርወሪያውን ጭኑ ላይ አኖረው። «ዛፍ አልፈለግሁም። ዛፍ ምን ይሆነኛል? ዳኛው ይጠይቁልኝ ነው ያልኩት። እናቴ ልትሞት ስታጣጥር አንድ ሳምንት ሙሉ የወንድሜን ስም እየጠራች፣ በር በተነካ ቁጥር "መጣ?" እያለች፣ ለምን እንዳልመጣ ይጠይቁልኝ። ሰው ልኬበታለሁ። መልእክቱ ደርሶታል። ለምን አልመጣም? ከዚህ ሌላ ዳኝነት አልጠየቅሁም።»

«እሱን ዳኛ አይጠይቅም» አለ አፈወርቅ፤ ከልማድ ነው እንጂ መናገሩንም አላወቀውም።

«አዎ። ስለዚህ አልጻፉትም።»

የአፈወርቅ ስልክ ጮኸ። ሰሚያ ናት። መሐል ሜዳ ሆና ስትጮኽ ጌታነሽ ደጅ ድረስ ትሰማታለች።

«ጋሼ! ዘጠኝ ተኩል ሊሆን ነው! ሚኒባሱ ላይ ነዎት?»

«ገና ነኝ።»

«አነጋገሩት?»

«እየተነጋገርን ነው።»

«አይደርሱም እኮ። ይስሙኝማ፣ ያኛውን አዘጋጅቼዋለሁ። ጥሩ አድርጌ አበላሽቼዋለሁ፤ ራስዎ ቢያዩት አያውቁትም። ልላከው?»

በዚያው ቅጽበት ከመንገዱ ላይ የሚኒባስ ጥሩንባ ተሰማ። ረዳቱ «መሐል ሜዳ! መሐል ሜዳ! የመጨረሻ!» እያለ ይጣራል። አፈወርቅ ተነሣ። ጉልበቱ በርጩማውን ስላልለመደ ግድግዳውን ያዘ። ከዚህ እስከ መንገዱ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ሚኒባሱ ላይ ቢወጣ፣ ሦስተኛውን በሚኒባሱ ውስጥ ጽፎት፣ አሥራ አንድ ሳይሞላ ይደርስ ይሆናል። ቃሉን አግኝቷል። መምህርቷ የጠየቁትም ይህንኑ ነው፤ የተከሳሽን ቃል። ወዳጆ ለጠየቀው ጥያቄ የራሱ የአፈወርቅ መልስ ግን በመጠይቁ ውስጥ ቦታ የለውም።

ወዳጆ መወርወሪያውን መልሶ አንሥቷል። ሊሸምን እንደተዘጋጀ ሰው አጎንብሷል፤ እጁ ግን አይንቀሳቀስም። በስድስት ዓመት ታናሹ ሆኖ፣ ፀጉሩ ከእሱ በፊት ሸብቷል።

«ይሂዱ፤ ያመልጥዎታል» አለ ወዳጆ ቀና ሳይል።

«ጋሼ! ይሰማል? ልላከው?» አለች ሰሚያ።

«አትላኪው።»

«እንዴ! ወንበርዎስ?»

«አትላኪው ሰሚያ። ጥናቱ አላለቀም።»

ስልኩን ዘጋ። ጥሩንባው ሁለቴ ጮኸ፤ ከዚያ ሞተሩ ወደ ጉሙ ውስጥ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄደ። ጌታነሽ ከደጅ ገብታ፣ የተገመደ የባና ክር ከወለሉ ላይ ሰብስባ ለመቀመጫ የሚሆን ቦታ አሰፋች። አፈወርቅ ኮቱን አወለቀ። የሚሰቅልበት ስላጣ፣ ተመልሶ በርጩማው ላይ ተቀመጠና ጭኑ ላይ አጥፎ አኖረው።

ብዕሩን አየው። ክዳኑ እንደተከፈተ ነበር። ከደነውና ኪሱ ከተተው።

ወዳጆ የክዳኑን ጠቅታ ሰምቶ ቀና አለ። ያን ድምፅ ያውቀዋል። ፊቱ ሊጠቁር ሲል የአፈወርቅን ባዶ እጅ አየ። ረጅም ጊዜ አየው።

«ለምን አልመጣህም?» አለ።

አፈወርቅ አፉን ከፈተ። አንደኛ የለም፣ ሁለተኛ የለም፤ ጉዳዩ ምን እንደሚመለከት የሚል መስመር የለም። ከየት እንደሚጀመር የሚያሳየው ወረቀት ቢፈልግ፣ ወረቀቱ ወለሉ ላይ፣ ክሩ መሐል ወድቋል። ከደጅ ባሕር ዛፎቹ ይንሾካሾካሉ።

«መልእክትህ የደረሰኝ ሐሙስ ነበር» አለ።